ተልዕኮው ቤት ሲደርሱ አያልቅም
ከውጭ አገር የወንጌል አገልግሎት ወደ አዳማና ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚመለሱ የተዘጋጀ መመሪያ

ሞጆን አልፎ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ከተማዋን ከማየቱ በፊት በኮረብታዎቹ ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች ያያል። የመኪናው መስኮት ሲከፈት ሞቃቱ አየር ፊት ላይ ይመጣል። ሻንጣው ገና ሳይወርድ እናት ደጃፍ ላይ ቆመው እልል ይላሉ፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቡናው ይቆላል። «እንኳን ደህና መጣህ» እና «ባጋ ነጋን ዱፍቴ» ባንድ ግቢ ውስጥ ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ምን ማድረግ እንዳለብዎት ግን የሚነግርዎ ሰው አያገኙም።

ለመሄድ ሲነሱ ሥልጠና ወስደው ነበር። የጸሎት ቡድን ተመድቦልዎት፣ ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸልየውልዎት ነው የወጡት። ለመመለስ ግን ብዙዎቻችን የምንዘጋጀው ቲኬት በመቁረጥ ብቻ ነው። ጳውሎስና በርናባስ ከመጀመሪያው ጉዟቸው ሲመለሱ ወደ ላከቻቸው ወደ አንጾኪያ ጉባኤ ሄደው፣ ምእመናኑን ሰብስበው የሆነውን ሁሉ እንደተናገሩና ከእነርሱ ጋር ብዙ ጊዜ እንደተቀመጡ የሐዋርያት ሥራ 14 ይተርካል። መመለሱ የአገልግሎቱ አንድ ክፍል ነበር። ይህ መመሪያም የተጻፈው በዚያ እምነት ነው።

አዳማ ይህን ጉዳይ ከሁለቱም ወገን ታውቀዋለች። ናዝሬት ትባል በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1946 አካባቢ፣ የሜኖናይት ሚስዮናውያን በቀድሞ የጥጥ መዳመጫ ግቢ ውስጥ ሆስፒታል ከፈቱ። ኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ የተባለው ያ ሆስፒታል ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። እዚያ በሽተኛ ታከመ፤ ድሬሰሮች (የሕክምና ረዳቶች) ሠለጠኑ፤ ከዚያ ሥራም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አደገች። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲዘጋ ምእመናኑ ወደ 5,000 ይጠጉ ነበር። በየቤቱ እየተሸሸጉ ቆይተው በ1983 ዓ.ም. በነፃነት ሲወጡ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ትናንት ሚስዮናዊ የተቀበለች ከተማ ዛሬ ልጆቿን ትልካለች፤ ሲመለሱም መቀበል አለባት።

1. ከመነሳትዎ በፊት ሥራውን በስም ያስረክቡ

መመለስ የሚጀመረው ቦሌ ላይ ሳይሆን ባገለገሉበት መንደር ነው። ቢያንስ ሦስት ወር ሲቀርዎት በእጅዎ ያለውን ሥራ ሁሉ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። የማክሰኞውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ማን ይመራል? የመድኃኒት ሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ይቀመጣል? ልጆቹን ማን ያስተምራል? በየጥያቄው አንጻር የአንድ ሰው ስም ካልሰፈረ ሥራው ገና አልተላለፈም። ተረካቢው ደግሞ እርስዎ እዚያው እያሉ ሥራውን ይጀምር፤ እርስዎ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይዩት።

የወላይታን ታሪክ ያስታውሱ። የሱዳን የውስጥ ሚስዮን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ ገቡ፤ በ1937 ጣሊያን አስወጣቸው። ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች መቶ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚገመት ምእመን ጠበቃቸው። ሥራውን ያሳደጉት በስደት መካከል የቆዩት የአገሩ ሰዎች ነበሩ። እርስዎ የሄዱበት አገር ሰዎችም እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ በእጃቸው ይተዉላቸው።

በስንብት ሰሞን ልብ ይባባል፤ አፍም ብዙ ቃል ይገባል። «የትምህርት ቤትሽን ክፍያ እሸፍናለሁ»፣ «በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ» ከማለትዎ በፊት ቃሉን መፈጸም መቻልዎን ያረጋግጡ። የተቀያየሙት ሰው ካለ ሄደው ይታረቁ። ሳይታረቁ የመጡበት ነገር ቤት ድረስ ተከትሎ ይመጣል።

2. ሰነድዎን በእጅ ሻንጣ ይያዙ

እነዚህን በአንድ ማኅደር አስቀምጠው ከእጅዎ አይለዩአቸው፦

• ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድና እዚያ የታከሙባቸው የሕክምና ወረቀቶች፤
• የልጆች የክፍል ውጤትና የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ በትምህርት ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠ፤
• የወጪ ደረሰኞች፣ በወር በወር ተለይተው፤
• ያገለገሉበት ጉባኤ ወይም ድርጅት የጻፈልዎት የምስክር ደብዳቤ።

ደረሰኝ የሌላት ወጪ ካለች ቀኗን፣ ምክንያቷንና መጠኗን ዛሬውኑ ይጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሳትም፤ እርስዎም ጭምር።

3. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይረፉ

ደቀ መዛሙርቱ ከተላኩበት ተመልሰው ያደረጉትን ሁሉ በነገሩት ጊዜ፣ ጌታ ያዘዛቸው ለብቻቸው ገለል ብለው እንዲያርፉ ነበር። ማርቆስ 6 ላይ ያገኙታል። እኛ ጋ ያለው ልማድ ከዚህ ይለያል፤ ቅዳሜ የደረሰ ሰው እሁድ መድረክ ላይ ይወጣል። ገና ከጉዞው ድካም ያልወጣ፣ እንቅልፉ ያልተስተካከለለት ሰው ያየውን በቅጡ መናገር አይችልም።

ስለዚህ ከመምጣትዎ በፊት ለሽማግሌዎች ደብዳቤ ይጻፉ። «ለሁለት ሳምንት የመድረክ አገልግሎት እንዳይሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይበሉ። እንግዳ የሚቀበሉበትን ሰዓት ከቤተሰብ ጋር ይወስኑ፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ቢሆን ማንም አይቀየምም። አቅም ከፈቀደ ሁለት ሦስት ቀን ከከተማው ይውጡ። የቢሾፍቱ ሐይቆችና ላንጋኖ ቅርብ ናቸው። ካልሆነም ባቱ ወርደው ሐይቁ ዳር ዓሣ በልተው ሲመሽ መመለስ ይችላሉ። በእነዚህ ቀናት ስልክዎን ለሰዓታት ዘግተው ይጸልዩ፣ ይተኙ፣ በእግር ይሂዱ።

4. ከመናገርዎ በፊት ይስሙ፤ ያልደረሱበትን ለቅሶ ይድረሱ

ይህን ክፍል የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ሁለት ዓመት ጁባ አገልግዬ ስመለስ እናቴ ረከቦቱን ዘርግታ ጠበቀችኝ። አቦል ሲቀዳ ስለ ነጭ ዓባይ ወንዝ ጀመርኩ። ቶና ሲደርስ በድንኳን ውስጥ ስለተሰበሰበችው ጉባኤ እናገር ነበር። በረካው ተጠጥቶ ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ድረስ አላቆምኩም። እርሷ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለች ታዳምጠኛለች። ስኒውን ስታነሣ እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አይቻለሁ፤ ምን ሆነሽ ነው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ታማ እንደነበርና «ልጄ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» ብላ እንዳይነገረኝ ማስጠንቀቋን የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ፣ ከጎረቤት ነው። በየረቡዑ ስለ እኔ ትጾም ነበር። የእኔን ሁለት ዓመት ስተርክላት የእርሷን ሁለት ዓመት ሳልጠይቃት ቀረሁ።

እርስዎ እንዲህ አያድርጉ። በመጀመሪያው ሳምንት ከቤተሰብዎ አንድ ሰው ጋር ቁጭ ብለው ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። እኔ ከሄድኩ ወዲህ ማን ሞተ? ማን ታመመ? ማን ወለደ? ማን ተዳረ? ማን ሥራ አጣ? ብለው ይጠይቁ። ዝርዝሩን ይዘው በየቤቱ ይሂዱ፤ ከለቅሶው ቤት ይጀምሩ። ሞቱ ከተፈጸመ ዓመት ቢያልፈውም ይሂዱ። «አገር ውስጥ አልነበርኩም፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ይቀመጡ። እዚያ ስለ ጉዞዎ አያውሩ፤ ከጠየቁዎት በአጭሩ ይመልሱ።

ዕድርም አለ። በሌሉበት ወራት መዋጮውን የከፈለልዎት ሰው ካለ ያመስግኑት፣ ገንዘቡን ይመልሱለት። ያልተከፈለ ካለ ለዕድሩ ጸሐፊ ቀርበው ይክፈሉ። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ወንጌላዊ ባንድ ድንኳን ሥር በሚያስተዛዝንባት አዳማ፣ ዕድሩን ያከበረ ሰው ምስክርነቱም ይሰማለታል።

5. ሪፖርቱን በሦስት ደረጃ ያቅርቡ

መጀመሪያ ለሽማግሌዎችና ለተልዕኮ ክፍሉ፣ በጽሑፍ። ከአራት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። የታቀደው ምን ነበር፣ የሆነው ምን ነው፣ ያልሆነውስ ለምን? የገንዘቡን ሂሳብ ከደረሰኙ ጋር አያይዘው ይስጡ። ያልተሳካውን አይደብቁ። የተጠመቁት አራት ከሆኑ አራት ይጻፉ። በእርስዎ ቦታ የሚሄደው ወጣት ዕቅዱን የሚያወጣው ከዚህ ወረቀት ነው፤ ያበዙት ቁጥር ነገ በእርሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛ ለጸሎት ቡድኑና በየወሩ ለደገፉዎት ሰዎች። እነዚህን በቤት ሰብስበው፣ ሻይ አፍልተው ያነጋግሩ። በየደብዳቤዎ የጸለዩበትን ጉዳይ አንድ በአንድ አንሥተው «ይህ እንዲህ ሆነ፣ ያኛው ገና ነው» ይበሉ። ከደመወዛቸው ቀንሰው መቶና ሁለት መቶ ብር ሲሰጡ የኖሩ ሰዎች ይህ ይገባቸዋል።

ሦስተኛ ለጉባኤው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንድ ሰው፣ አንድ ክስተት፣ አንድ የጸሎት ርዕስ ይምረጡና እነርሱን በደንብ ይናገሩ። ጉባኤው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚያመልክ ከሆነ አስተርጓሚውን ቀድመው ያግኙት፤ የቦታና የሰው ስሞችን ጽፈው ይስጡት። ያገለገሉትን ሕዝብ ድህነት ብቻ አያሳዩ። እነርሱ ራሳቸው ከወንበሩ ላይ ተቀምጠው ቢሰሙዎት የማያፍሩበትን ቃል ብቻ ይናገሩ።

ስለ ፎቶግራፍ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። ኢትዮጵያውያን ሚስዮናውያን የሚያገለግሉባቸው አንዳንድ አገሮች ሃይማኖት መቀየር ሰውን ለእስር ወይም ለቤተሰብ ጥቃት የሚዳርግባቸው ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ተቀጥረው በዓርብ ዕረፍታቸው ለጸሎት የሚሰበሰቡ እህቶቻችንም አሉ። የእነዚህን ሰዎች ፊት፣ ስም፣ የሚሰበሰቡበትን ቤትና ሰፈር በፌስቡክ፣ በቴሌግራምም ሆነ በቲክቶክ አይልቀቁ። የቤተ ክርስቲያንዎ አገልግሎት በቀጥታ የሚተላለፍ ከሆነ እርስዎ ሲናገሩ ካሜራው እንዲጠፋ አስቀድመው ይጠይቁ። እርስዎ አዳማ በሰላም ይተኛሉ፤ ፎቶው የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚከፍሉት እዚያ የቀሩት ናቸው።

6. ሰውነትዎንም ልብዎንም ያስመርምሩ

በተመለሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ የነበሩበትን አገርና የቆዩበትን ጊዜ ይንገሩ። የሰገራ፣ የደምና የጉበት ምርመራ ይጠይቁ። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብዎት ስለ ሳንባ ነቀርሳ ይመርመሩ። በወንዝና በሐይቅ ውኃ ይታጠቡ ወይም ይሻገሩ ከነበረ ስለ ቢልሃርዚያ ይናገሩ።

ትኩሳት ከመጣ ጉንፋን ነው ብለው አይተኙ። በዚያው ቀን ደምዎን ለወባ ያስመርምሩ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ከተመለሱ ዓመት እስኪሞላ ድረስ በትኩሳት በታከሙ ቁጥር የነበሩበትን አገር ለሐኪሙ ያስታውሱ። አዳማም፣ መቂም፣ ባቱም የወባ ትንኝ የሚራባባቸው ቦታዎች ናቸው፤ አጎበርዎን ከሻንጣው አውጥተው ይስቀሉት።

የልብም ሕመም አለ። እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ ያለ ምክንያት እንባ ሲመጣ፣ ገበያ መሐል ድንገት ፍርሃት ሲይዝዎት፣ ወይም በዝማሬው መካከል ልብዎ ድንጋይ ሲሆን፣ «መንፈሳዊነቴ ቀነሰ» ብለው ራስዎን አይክሰሱ። ጦርነት ወይም ረሃብ በቅርብ ያየ ሰው እንዲህ ይሆናል። ለሚያምኑት አንድ ሽማግሌ ይንገሩ፤ ከወር በላይ ከቆየ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ኤልያስ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን በመጀመሪያ የተሰጠው ምግብ፣ ውኃና እንቅልፍ ነበር።

7. ለትዳርና ለልጆች ጊዜ ይስጡ

እርስዎ ወደ ቤት ተመለሱ፤ ልጅዎ ግን ምናልባት ከቤቱ ወጥቶ መምጣቱ ነው። በሌላ አገር አፉን የፈታ ሕፃን አያቱን በስልክ ብቻ ነው የሚያውቃቸው። አያቱ ጉንጩን ሊስሙት ሲሉ ቢሸሽ አይቆጡት። ከትምህርት ቤቱ ጋር ስለ ቋንቋው አስቀድመው ይነጋገሩ፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ባንድ ጊዜ የሚገጥሙት ልጅ በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቱ ቢወርድ አይደንቅም። የተዋቸውን ጓደኞች ስም እየጠሩ በቤት ጸሎት ያስቡአቸው።

ከባልና ሚስት አንዱ ሄዶ ሌላው ቤት የቀረ እንደሆነ ደግሞ የቀረው ሰው ቤቱን ብቻውን ሲያስተዳድር ኖሯል። ቤት ገብተው በማግሥቱ ወጪውንና ሥርዓቱን ለመለወጥ አይነሡ። አንድ ወር እንደ እንግዳ ይቀመጡ፣ ይጠይቁ፣ ያመስግኑ።

8. ኑሮውን በዛሬው ዋጋ ያስሉ

ከአገር ርቀው ብዙ ዓመት ከቆዩ ገንዘቡ ራሱ ተለውጦ ይጠብቅዎታል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ተቀይረዋል፤ ባለ 200 ብር ኖትም የመጣው ያኔ ነው። በግንቦት 2013 ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሥራ ጀመረ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ሲሄዱ በነበረው ሂሳብ በጀት አያውጡ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው የጤፍ፣ የዘይት፣ የሽንኩርትና የከሰል ዋጋ ይጻፉ፤ የቤት ኪራይም ይጠይቁ።

የቀበሌ መታወቂያዎን ያሳድሱ፤ ፋይዳ ለተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ካልተመዘገቡ ይመዝገቡ። የስልክ ቁጥርዎና የባንክ ሂሳብዎ እየሠሩ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ከላከችዎ ቤተ ክርስቲያን ጋር ድጋፉ እስከ መቼ እንደሚቀጥል በግልጽ ተነጋግረው በጽሑፍ ያስፍሩ። ሥራ መፈለግ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር።

9. በስድስተኛው ወር፦ የያዙትን ለሌላ ያስተላልፉ

አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ከኢሉባቦር ተወስዶ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ በስዊድን ተማረ። ወደ ወገኑ ለመመለስ ደጋግሞ ሞክሮ መንገዱ ተዘጋበት። ባልተመለሰባቸው ዓመታትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከአስቴር ገኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ሲገባ መጽሐፉን ይዞ ነበር፤ ትምህርት ቤትም ከፈተ። ከውጭ ያገኘውን ሁሉ ለአገሩ ሰው በገዛ ቋንቋው የሚጠቅም አድርጎ አመጣው።

እርስዎስ ምን ይዘው መጡ? ዓረቢኛ ተምረው ከሆነ ለመሄድ ለሚዘጋጁ ወጣቶች በሳምንት ሁለት ምሽት ያስተምሩ። እንግዳ ሰውን በትዕግሥት መቅረብ ተምረው ከሆነ እንግዳው በደጅዎ ነው። በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚያድሩ ከባድ መኪና ሾፌሮች፣ በባቱ የአበባ እርሻዎች ለመቀጠር ከሩቅ ገጠር የመጡ ልጃገረዶች፣ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የተሰበሰቡ ተማሪዎች አሉ። ባሕር ተሻግረው ያሳዩትን ፍቅር ለእነዚህ ለማሳየት ቪዛ አያስፈልግም።

ለላኪ ቤተ ክርስቲያን

ወገኖቼ፣ የላካችሁት ሰው ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ አበባ ይዞ መቆም መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ከመምጣቱ በፊት የሚያርፍበትን ቤት አዘጋጁ። የስድስት ወር ድጋፍ በበጀታችሁ ያዙ። በየወሩ ቡና ጠርቶ የሚያነጋግረው አንድ ሽማግሌ በስም መድቡለት። የሕክምናውን ወጪ ሸፍኑ። በመጀመሪያው እሁድ መድረክ ላይ አታውጡት።

በሚመጣው እሁድ ከአገልግሎት በኋላ ከጉባኤያችሁ መካከል ከተልዕኮ የተመለሰ ሰው ፈልጉ። ከተመለሰ ሦስት ዓመት ቢሆነውም ፈልጉት። ቤታችሁ ጠርታችሁ ቡና አፍሉለትና «እዚያ ከተውከው ሰው ሁሉ ዛሬም የምትናፍቀው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሦስተኛው ስኒ እስኪጠጣ ድረስም አዳምጡት። እርሱ ሲጨርስ ደግሞ የእናንተን ይጠይቃችኋል።